የማህፀን በር ካንሰር፦ የጎንደር ሴቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በአንድ ዓመት ብቻ በአገራችን ከ7,000 በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል። ከ5,000 በላይ ሴቶች ደግሞ ሞተዋል። አንጀት የሚያቃጥለው ነገር ይህ ካንሰር ቀድሞ መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። ክትባት አለው። ምርመራ አለው። ካንሰር ከመሆኑ በፊት የሚወገድበት ሕክምናም አለው። እኛ ጋ ግን ብዙዋ ሴት ሐኪም ቤት የምትመጣው ደም ማየት ከጀመረች በኋላ ነው።

ጥያቄዎቹ በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ፣ በማኅበር ቤትና በቡና ላይ የሚነሱ ናቸው። አንዳንዶቹን ሴቶች ጮክ ብለው አይጠይቋቸውም፤ ጠጋ ብለው ነው የሚያንሾካሹኩት። እኔ ግን እንዳሉ ጽፌያቸዋለሁ።

በሽታው ከምን ይመጣል? ዘር ውስጥ ካለ ነው እንዴ?

ከዘር አይደለም። እርግማንም፣ ዓይነ ጥላም አይደለም። የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ይህን ስላረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ኤችፒቪ ከ200 በላይ ዓይነት አለው። አብዛኛው ጉዳት የለውም። 16 እና 18 በሚል ቁጥር የሚታወቁት ሁለቱ ግን ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ግንኙነት የጀመረ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያገኘው የሚቀረው ጥቂት ነው። የብዙዋን ሴት ሰውነት ቫይረሱ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ለቆ ይሄዳል፤ እሷም መያዟን ሳታውቅ ትቀራለች። በአንዳንዷ ላይ ግን ተደብቆ ይቀመጣል። ቀስ በቀስ የማህፀን በርን ሕዋሳት ይለውጣል። ጤናማ በሆነች ሴት ይህ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ። 15 ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ መታየት በሽታውን መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

እንግዲያ ባሌ ነዋ ያመጣብኝ?

ይህ ጥያቄ ስንት ቤት እንዳወከ የሚያውቅ ያውቀዋል። መልሱ አጭር ነው፤ ከማን እና መቼ እንደመጣ የሚናገር ምርመራ የለም። ቫይረሱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት መቀመጥ ይችላል። ዛሬ የተገኘብሽ ከመጋባታችሁ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ያንቺም የሱም። ስለዚህ በውጤቱ ተነሥታችሁ አትጣሉ። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሕክምና ነው። ባልሽ አብሮሽ ቢመጣማ እንዴት ጥሩ ነበር።

ምንም አያመኝም። ለምን ብዬ እመረመራለሁ?

የማያምሽ ስለሆነ ነው መመርመር ያለብሽ። ለውጡ ገና ከላይ ከላይ ሳለ ሕመም የለውም፤ ደምም የለውም፤ ሽታም የለውም። በዓይን የሚያየው ባለሙያ ብቻ ነው። አረም ሥር ሳይሰድ በእጅ ይነቀላል፤ ከሰደደ ግን ማሳውን ይበላል። ይህም እንደዚያው ነው። ለውጡ በጊዜ ሲገኝ በደቂቃዎች ሕክምና ያልቃል። ሥር ሲሰድ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞ ይመጣል። ያኔ ደግሞ ሪፈር፣ የመንገድ ወጪ፣ ከልጆች መለየት አብሮ ይመጣል።

ቸል የማይባሉ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?

ከግንኙነት በኋላ ደም ማየት። ከወር አበባ ውጭ ደም መፍሰስ። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ትንሽ ጠብታም ቢሆን። መጥፎ ሽታ ያለው የማያቋርጥ ፈሳሽ። ከወገብና ከእምብርት በታች የማይለቅ ሕመም። ከነዚህ አንዱ ካለብሽ የዘመቻ ምርመራ ቀን አትጠብቂ። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ያለበት ቦታ ሂጂ። ሁሉም ካንሰር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት የሚድን ኢንፌክሽን ሆኖ ይገኛል። ለይቶ የሚነግርሽ ግን ምርመራው ነው።

ማን ነው መመርመር ያለበት?

በአገራችን በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሁሉ። ያገባችም፣ የፈታችም፣ ባሏ የሞተባትም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ግንኙነት አድርጋ ከሆነ ይመለከታታል። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ደግሞ ከ25 ዓመቷ ትጀምራለች። ወደዚህ በኋላ እመለስበታለሁ።

በወር አበባ ላይ ከሆንሽ ይለቅ፤ ከዚያ ሂጂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይቆያል፤ ስድስት ሳምንት ካለፈሽ በኋላ ለሕፃኑ ክትባት ስትሄጂ ጠይቂ። ሉፕ ማስገባት ምርመራውን አይከለክልም።

ምርመራው እንዴት ነው? ያማል?

ብዙ ሴት የምትፈራው ይህንን ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ባለሙያዋ ታዋይሻለች። ስንት ልጅ እንዳለሽ፣ የወር አበባሽ መቼ እንደነበር ትጠይቃለች። ሽንትሽን ሸንተሽ ትመጫለሽ። መጋረጃ ከተጋረደ በኋላ አልጋው ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ፤ ጉልበትሽን ታጥፊያለሽ፤ ከወገብ በታች በጨርቅ ትሸፈኛለሽ። ሰፊ ቀሚስ ለብሰሽ ከሄድሽ ሁሉን ማውለቅ አይኖርብሽም፤ የውስጥ ሱሪሽን ብቻ ነው። ከዚያ ብልትን ከፈት አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ታስገባለች። ቅዝቃዜው ይሰማሻል። ጭንቅ ጭንቅ ሊልሽ ይችላል። ትንፋሽሽን ወደ ውጭ ስታወጪና ሆድሽን ስታላዪ ይቀላል፤ ስትኮማተሪ ነው የሚያስቸግረው። ካመመሽ ‘ቆይ’ በያት። መብትሽ ነው።

ቀጥሎ ባለሙያዋ በጥጥ አድርጋ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ የኮምጣጤ አሲድ የማህፀን በሩ ላይ ትቀባለች። ለዚህ ነው ሴቶች ‘የኮምጣጤ ምርመራ’ የሚሉት። የሐኪሞቹ ስም ቪአይኤ ነው። ትንሽ ሊቆጠቁጥ ይችላል። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቅና በመብራት ታያለች። የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከሌለ ቀለሙ እንዳለ ይቀራል። መርፌ የለም፤ መቁረጥ የለም። ውጤቱን እዚያው አልጋ ላይ እያለሽ ትሰሚያለሽ። ከካርድና ከወረፋው ጊዜ ጋር ሲተያይ ምርመራው ራሱ ምንም አይደለም።

ሌላም መንገድ አለ። የኤችፒቪ ምርመራ ቫይረሱ ራሱ መኖር አለመኖሩን ከናሙና ያያል። ናሙናውን ሴቷ ራሷ በለስላሳ ዘንግ መውሰድ ትችላለች፤ ሰው ማየት አያስፈልግም። አገልግሎቱ ያለበት ቦታ ከሆንሽ፣ ለምታፍሪ ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሌሎቹ አስቀድሞ የሚመክረው እሱን ነው።

ከምርመራው በፊት ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ከግንኙነት ተቆጠቢ፤ ውስጥሽን በሳሙና ወይም በሌላ ነገር አትታጠቢ።

ወንድ ባለሙያ ቢደርሰኝስ? የማውቃት ነርስ ብትሆንስ?

ሴት ባለሙያ ትሁንልኝ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። በዚያ ሰዓት ከሌለች ሴት ረዳት አብራ እንድትቆም ጠይቂ። ጎንደር እርስ በርስ የምንተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ሰፈርሽ ካለው ጤና ጣቢያ ይልቅ ሌላ ቀበሌ ያለው ቢቀልሽ ያው ነው፤ አዘዞ ያለሽው ማራኪ፣ ማራኪ ያለሽው አዘዞ። ከመቅረት ባጃጅ መያዝ ይሻላል። ባለሙያዋ ያየችውን ለማንም መንገር አይፈቀድላትም።

‘ነጭ ታይቶብሻል’ አሉኝ። ካንሰር አለብኝ ማለት ነው?

አይደለም። ይህን በደንብ ስሚኝ። ነጭ መታየት ብዙውን ጊዜ ካንሰር ሊሆን ይችል የነበረ ለውጥ ገና ሳይደርስ ተያዘ ማለት ነው። መርዶ ሳይሆን ዕድል ነው። ይህን ቃል ሰምተው ከአልጋው ላይ እያለቀሱ የተነሡ፣ ከዚያም በፍርሃት ተመልሰው ያልመጡ ሴቶች አሉ። እነሱ ናቸው እንቅልፍ የሚነሱኝ።

ለውጡ ትንሽ ከሆነ ሁለት ዓይነት ሕክምና አለ። አንደኛው ማቀዝቀዝ ነው፤ ክሪዮ ይሉታል። በጋዝ የቀዘቀዘ መሣሪያ የማህፀን በሩ ላይ ያደርጉና 3 ደቂቃ ያቀዘቅዛሉ፣ 5 ደቂቃ ያርፋሉ፣ ደግመው 3 ደቂቃ ያቀዘቅዛሉ። ሁለተኛው በሙቀት ማቃጠል ነው፤ 100 ዲግሪ ገደማ የሞቀ መሣሪያ ለጥቂት ሰከንዶች ይነካዋል። ሲሰሙት ያስፈራል፤ ነገር ግን የማህፀን በር እንደ ቆዳ አይደለም፤ የሚሰማሽ የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ነገር ነው። ማህፀንሽ አይወጣም። ልጅ መውለድ አይቀርም። ታክመሽ በእግርሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ለውጡ ሰፋ ካለ ሊፕ በሚባል መንገድ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይቆርጡታል። የሚያጠራጥር ነገር ካዩ ደግሞ ትንሽ ናሙና ወስደው ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ ባዮፕሲ ማለት ይህ ነው።

ከሕክምናው በኋላ ውኃ ውኃ የሚል ፈሳሽ እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። አይደንግጥሽ። በነዚያ ሳምንታት ግንኙነት አይደረግም። ቁስሉ ሳይድን ግንኙነት ማድረግ ደም ያመጣል፤ ለሌላ በሽታም ያጋልጣል። ይህን ለባልሽ መንገር ከከበደሽ ባለሙያዋን ‘አንቺ ንገሪልኝ’ በያት፤ ብዙ ሴቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ትኩሳት፣ ብዙ ደም ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ተመለሺ።

ውጤቴ ደህና ነው። ዳግመኛ መቼ ልምጣ?

በኮምጣጤ ከታየሽ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በየ3 ዓመቱ ነው። በኤችፒቪ ምርመራ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ኤችአይቪ ላለባት ሴት ከዚህ ያጥራል። ባለሙያዋ የጻፈችልሽን ቀን ያዢ።

ጸበል ጀምሬአለሁ። ወይባም እሞቃለሁ። አይበቃም?

እምነትሽን የሚነካ ቃል አልናገርም። ጸበልሽን ቀጥዪ። ግን ምርመራውን አታቁሚ፤ የተጀመረ መድኃኒትም አታቋርጪ። እግዚአብሔር በሐኪም እጅም ያድናል ብለው የሚያስተምሩ አባቶች ብዙ ናቸው። ሱባኤ ልትገቢ ካሰብሽ፣ ምርመራውን ጨርሰሽ ውጤትሽን ካወቅሽ በኋላ ግቢ። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ግን አንድ ወርም ዋጋ አለው።

ወይባ ሰውነትን ያፍታታል፤ ገላን ያሳምራል። ቫይረሱን ግን አይነካውም። የሚሸት ፈሳሽ ያለባት ሴት በጢስ ሽታውን ስትሸፍን ምልክቱን ራሷ ላይ ነው የምትደብቀው።

ሴት ልጅ አለችኝ፤ 11 ዓመቷ ነው። ገና ሕፃን ናት እኮ፤ ምኑ ነው አሁን የምትከተበው?

ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ አባቶች ናቸው። ወንድሜ፣ ክትባቱ የሚሰጠው ቫይረሱ ሳይደርስባት ነው። ከደረሰባት በኋላ ያለውን አያጠፋም። ለዚህ ነው ዕድሜው ከ9 እስከ 14 የሆነው። ደግሞም በዚህ ዕድሜ የልጆች ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ከትልልቆቹ ይበልጣል። ክትባቱ ልጅህን ወደ ምንም ነገር አይገፋትም። ጨቅላ ሳለች ለኩፍኝ አስከትበሃታል፤ ይህም እንደዚያው ክትባት ነው።

በአገራችን በመደበኛነት የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ ለ14 ዓመት ልጆች በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ላሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ክትባት ዘመቻ ተካሂዷል። ከክፍያ ነፃ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል? ድሮ ሁለት አልነበረም?

ይበቃል። ኬንያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 በሆኑ 2,275 ወጣት ሴቶች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። አንድ ጊዜ የተከተቡት ከ18 ወር በኋላ ሲታዩ 16 እና 18 ከሚባሉት ቫይረሶች 97.5 በመቶ ተጠብቀው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ጊዜ መስጠትን ፈቀደ። ኤችአይቪ ያለባት ልጅ ግን በአንድ አትወሰንም፤ ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ጊዜ መውሰድ ስላለባት ለክትትል ክሊኒኳ ንገሩ።

መካን ያደርጋል የሚባለውስ?

ውሸት ነው። እየተቆጣሁ የምጽፈው ይህን ብቻ ነው፤ በዚህ ወሬ ምክንያት በክትባት ቀን ልጃቸውን ቤት ያስቀሩ ወላጆች አሉና። ክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። የቫይረሱን ውጫዊ ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ክትባት ተሰጥቷል፤ መካንነት እንደሚያመጣ የታየበት የለም። እንግሊዝ አገር በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡት ሴቶች ሲያድጉ የማህፀን በር ካንሰር በ87 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ልጅ መውለድን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ማህፀን የሚያስወጣው እሱ ነው።

የተወጋችበት ክንድ ያማል፣ ያብጣል። ራስ ምታት ወይም ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ልጆች መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን ይስታሉ። ቁርስ አብሉና ላኳቸው፤ ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ ይበሉ።

ልጄ ትምህርት አቋርጣለች። እሷስ?

እባካችሁ እሷን አትርሷት። ክትባቱ በአብዛኛው ትምህርት ቤት ስለሚሰጥ የሚቀሩት ያቋረጡት ናቸው። በዚህ ሰሞን በአካባቢያችን በጸጥታው ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች ብዙ ናቸው። ለከብት የተሰማራችውም፣ ሰው ቤት የምትሠራዋም መከተብ ይገባታል። ሰው ቤት ያለች የ13 ዓመት ልጅ እናቷ አጠገቧ የለችም። አሠሪዋ እናንተ ከሆናችሁ ይዛችኋት ሂዱ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ፤ ቦታና ቀን ትነግራችኋለች።

ወንድ ልጅስ?

ወንዶችም ሊከተቡ ይችላሉ፤ የሚያደርጉ አገሮች አሉ። በኢትዮጵያ መደበኛው ክትባት ለሴቶች ልጆች ነው።

ተከትቤአለሁ። ምርመራው ይቀርልኛል?

አይቀርም። ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት ኤችፒቪ አይሸፍንም። 30 ዓመት ሲሞላሽ ሂጂ።

ኮንዶም ይከላከላል?

ይቀንሳል፤ ግን ያልተሸፈነ ገላ ስለሚነካካ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ሲጋራ ማጨስም ተጋላጭነትን ይጨምራል።

ኤችአይቪ በደሜ አለ። ለኔ የሚለየው ምንድን ነው?

ኤችአይቪ ያለባት ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ሴት ስድስት እጥፍ ነው። መድኃኒት ካልጀመረች ደግሞ 15 ዓመት ያልነው ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። መድኃኒትሽን በትክክል መውሰድ እዚህም ይጠቅምሻል። መድኃኒት ልትወስጂ በምትሄጂበት ቀን ‘የማህፀን በር ምርመራ ጻፉልኝ’ በያቸው። እስኪነግሩሽ አትጠብቂ። 25 ከሞላሽ ጊዜሽ ደርሷል።

እኔ 62 ዓመቴ ነው። ከወለድኩም ከባልም ከራቅሁ ቆየሁ። ምን ያገባኛል?

እማማ፣ ያገባዎታል። ቫይረሱ የድሮ ሊሆን ይችላል። የኮምጣጤው ምርመራ ላረጠች ሴት ብዙም አያመችም፤ ለውጡ የሚጀምርበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዓይን አይታይም። ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ምርመራ ያዝልዎታል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ካረጡ በኋላ ልብስዎ ላይ ደም ካዩ ‘አበባዬ ተመለሰ’ ብለው አይለፉት። ለልጅዎ ይንገሯት። ለእሷ ካፈሩ ለምራትዎ ወይም ለጎረቤት ይንገሩ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ይይዎት።

ጎንደር ውስጥ የት ልሂድ?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ምርመራውንም ሕክምናውንም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከአይከልና ከቆላ ድባ ሳይቀር ሪፈር የሚጻፍበት ነው። የተሻለው አካሄድ ግን ከቅርብሽ ጤና ጣቢያ መጀመር ነው። አገልግሎቱ ካለ እዚያው ትታያለሽ፤ ከሌለ ወዳለበት ይጽፉልሻል።

ከገጠር የምትመጪ ከሆነ አንድ ምክር ልጨምር። ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ ደርበሽ ልትታዪ አታስቢ፤ መደበኛ ምርመራ በሥራ ቀን ነው። ሰኞ ደግሞ ወረፋው ይበዛል። በጠዋት ግቢ። የጤና መድን አባል ከሆንሽ ደብተርሽን ያዢ፤ የታደሰ መሆኑንም ቀድመሽ እዪ። የሚያነብልሽ ሰው ካስፈለገሽ የምታምኛትን አንዲት ሴት አስከትዪ።

ታክሜ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ቀረሁ። አሁን ብሄድ ይቆጡኛል?

ቢቆጡሽም ሂጂ። ባይቆጡሽ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ መንገዱን የዘጋሽው አንቺ አይደለሽም። ከማቀዝቀዙ ወይም ከማቃጠሉ በኋላ በዓመቱ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል፤ ለውጡ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ባዮፕሲ ተወስዶልሽ ውጤቱን ሳትሰሚ ከቀረሽ ግን ነገ ዛሬ አትበይ። ራስሽ መምጣት ካልቻልሽ ከተማ ያለ ዘመድሽ ካርድሽን ይዞ ውጤቱ መድረሱን ይጠይቅልሽ። ካርዱ ጠፍቶብሽ ከሆነ ሙሉ ስምሽን ከነአያትሽ እና የታከምሽበትን ወር ለካርድ ክፍል ንገሪያቸው፤ መዝገቡን ይፈልጉልሻል።